ሲሄድ 1 ሰዓት ከ25፣ ሲመለስ 3 ሰዓት? የቦነስ አይረስና የሳንቲያጎ በረራ ሒሳብ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ ሰላም ነዎት? በሐምሌ ወር ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ቺሊ ልሄድ ነው። ከአዲስ አበባ ቦነስ አይረስ በኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ ከዚያ ሳንቲያጎ በሌላ አየር መንገድ። ኢንተርኔት ላይ የሁለቱ ከተሞች ርቀት 1,140 ኪሎ ሜትር ነው ይላል። ትኬቴን ሳየው ስሄድ 09:00 ተነስቼ 10:25 እደርሳለሁ። ስመለስ ግን 13:00 ተነስቼ የምደርሰው 16:00 ነው። በአንድ መንገድ ላይ ይህን ያህል ልዩነት ከየት መጣ? ትኬቱ ተሳስቶ ነው ወይስ ነፋስ ነው? ደግሞ ተራራው ላይ አውሮፕላኑ በጣም ይናጣል ሲሉ ሰምቼ ፈርቻለሁ። በአውቶቡስ ብሄድስ?»

ሰላም ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጥሩ ጥያቄ ነው። ለብዙ ዓመታት ሥራዬ የበረራ ዕቅድ ማውጣት ስለነበረ እንዲህ ዓይነቱን ጥያቄ ሳገኝ ደስ ይለኛል። ብዙ ሰው ትኬቱን አጥፎ ኪሱ ይከታል እንጂ ሰዓቱን አይደምርም።

መጀመሪያ ቁርጡን ልንገርሽ። ትኬቱ አልተሳሳተም። ስትሄጂ የሚፈጀው 2 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ነው። ስትመለሺ 2 ሰዓት። ስለዚህ ረጅሙ መሄጃው ነው፤ አንቺ ካሰብሽው በተቃራኒ። ነፋስም አለበት፣ እሱን ልክ ገምተሻል። ግን ትኬቱ ላይ ያየሽውን ልዩነት ያመጣው ነፋሱ አይደለም። እንዲያውም ነፋሱ የሚጎትተው ወደ ሌላኛው ወገን ነው።

ግራ የሚያጋባው የሰዓት አቆጣጠሩ ነው። ትኬት ላይ መነሻ ሰዓት የሚጻፈው በመነሻው ከተማ ሰዓት፣ መድረሻው ደግሞ በመድረሻው ከተማ ሰዓት ነው። በሐምሌ ሳንቲያጎ ከቦነስ አይረስ በ1 ሰዓት ወደኋላ ናት። አንቺ 10:25 ላይ ሳንቲያጎ ስታርፊ ቦነስ አይረስ 11:25 ሆኗል። ከ09:00 እስከ 11:25 ቁጠሪው፤ 2 ሰዓት ከ25። ስትመለሺ ከሳንቲያጎ የምትነሺበት 13:00 ቦነስ አይረስ ላይ 14:00 ነው። ከ14:00 እስከ 16:00፣ 2 ሰዓት። አለቀ።

አለቀ ስል ግን አንድ ነገር አለ። ይህ የ1 ሰዓት ልዩነት ዓመቱን ሙሉ አይቆይም። አርጀንቲና ከ2009 ወዲህ ሰዓት መቀያየር ትታለች (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች ናቸው)። ቺሊ ግን አልተወችም። በእኛ አቆጣጠር ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ሰዓቷ ከአርጀንቲና በ1 ሰዓት ይዘገያል። የቀረውን ጊዜ ሁለቱ አገሮች እኩል ናቸው። ስለዚህ በጥር የሄደች ጓደኛሽ ትኬቷን ብታሳይሽ 09:00 ተነስታ የደረሰችው ከ11:00 በኋላ ሆኖ ታገኚዋለሽ። አውሮፕላኑ ያው፣ መንገዱ ያው ሆኖ ሳለ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ሐበሻ ብቻ የሚጠቀምባትን አንዲት ዘዴ ልንገርሽ። አዲስ አበባና ቦነስ አይረስ በትክክል 6 ሰዓት ይለያያሉ። እኛ ቤት ሰዓት የምንቆጥርበት መንገድና የፈረንጁ አቆጣጠርም የሚለያዩት በ6 ሰዓት ነው። ምን ማለት እንደሆነ ገባሽ? የእጅ ሰዓትሽን በእኛ አቆጣጠር ሞልተሽ ከአዲስ አበባ ብትነሺ፣ ቦነስ አይረስ ስትደርሺ አትነኪውም። አዲስ አበባ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ቦነስ አይረስ ከጠዋቱ 09:00 ነው። አዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን እዚያ 14:00፣ ማለትም እነሱ ከሰዓት በኋላ ሁለት የሚሉት ነው። እጅሽ ላይ ያለው ሰዓት ሁለቱንም ያነባል። እናትሽ ጋ ስትደውይ እዚያ ስንት ሰዓት ይሆን ብለሽ አትጨነቂም። የጠዋቱን ከማታው መለየት ብቻ ነው። ሳንቲያጎ ስትገቢ አንድ ሰዓት ወደኋላ መልሺው። ስልክሽ በራሱ ስለሚያስተካክል ይህ ለእጅ ሰዓት ነው። እኔ በበኩሌ ይህን ሳውቅ አገሩን ወደድኩት።

ወደ ርቀቱ እንምጣ። 1,140 ኪሎ ሜትር ትክክል ነው። ይህ በሉሉ ላይ አጭሩን መስመር ተከትሎ የሚለካ ርቀት ነው። የቦነስ አይረስ ትልቁ አውሮፕላን ማረፊያ ኤሴይሳ ነው። ከእሱ እስከ ሳንቲያጎ ማረፊያ ብንለካም ያው 1,140 ገደማ ይመጣል፤ በእኛ ሙያ ቋንቋ 615 ናውቲካል ማይል። በከተማው ዳር ወንዙ አጠገብ ካለው ከሁለተኛው ማረፊያ ከኤሮፓርኬ ብትነሺ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨምራል። ያ ምንም አይደለም።

አውሮፕላኑ ግን በዚያ መስመር ላይ አይሄድም። መጀመሪያ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ነው የሚነሳው። ከዚያ ተዞሮ የአየር መንገዱን መስመር ይይዛል። አንዲስን፣ ማለትም በሁለቱ አገሮች መካከል የተዘረጋውን የተራራ ሰንሰለት፣ የሚሻገርባቸው መስመሮች ደግሞ ጥቂት ናቸው፤ ዋናው በአርጀንቲና ወገን ተራራው ግርጌ ባለችው በሜንዶሳ ከተማ በኩል ነው። የሳንቲያጎ መንደርደሪያዎች ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጉ ስለሆኑ ከምሥራቅ የመጣ አውሮፕላን ተጠምዝዞ ነው የሚያርፈው። ይህ ሁሉ ተደምሮ ርቀቱን በመጠኑ ያስረዝመዋል።

አሁን አንቺን ያሳሳተሽ ይመስለኛል ወደምለው ነገር ልግባ። በዚህ መስመር የሚበሩት በአብዛኛው እንደ ኤርባስ 320 እና ቦይንግ 737 ያሉ አውሮፕላኖች ናቸው። ከፍታቸውን ከያዙ በኋላ በሰዓት 830 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራሉ። 1,140ን ለ830 አካፍዪው። 1 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ይወጣል! ትኬቱ ላይ ካለው 1 ሰዓት ከ25 ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረው። እንዲህ ያለ ገጠመኝ ነው ሰው የሚያሳስተው። የመሄጃው ቁጥር «ትክክል» መሰለሽ፣ ስለዚህ ስሕተቱን የመመለሻው ላይ ፈለግሽው። እንደ እውነቱ ግን 1 ሰዓት ከ22 ማንም አውሮፕላን በዚህ መስመር የማይበርበት ጊዜ ነው። ነፋስ የሌለበት፣ መነሳትና ማረፍ የሌለበት፣ መንደርደሪያው ጫፍ ላይ ወረፋ የሌለበት ዓለም ውስጥ ብቻ የሚሠራ ሒሳብ ነው።

ነፋሱን እንየው። ከምድር ወገብ ወደ ደቡብ 30 እና 35 ዲግሪ አካባቢ፣ አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ ላይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ የነፋስ ጅረት አለ። ጄት ስትሪም የሚሉት ነው። ሳንቲያጎም ቦነስ አይረስም 33 እና 34 ዲግሪ ላይ ናቸው፤ ልክ ከሥሩ። ጅረቱ የሚፈጠረው ከሞቃቱ የምድር ወገብ በላይ ባለው አየርና ከቀዝቃዛው ዋልታ በኩል ባለው አየር መካከል ባለው የሙቀት ልዩነት ነው። የምድር መሽከርከር ደግሞ ወደ ምሥራቅ ያጥፈዋል። ልዩነቱ የሚሰፋው በክረምት ስለሆነ ያኔ ይበረታል። የእነሱ ክረምት ደግሞ ሐምሌ ነው፤ ብርድ ልብስ አትርሺ።

(በነገራችን ላይ የእኛ ሰማይ የተለየ ነው። በክረምታችን ወራት ከኢትዮጵያ በላይ በዚያ ከፍታ የሚነፍሰው ነፋስ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው። ከእስያ በኩል ይነሳና በእኛ አናት አልፎ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ይሄዳል።)

እስቲ በቁጥር እንሞክረው። ነፋሱ በሰዓት 170 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። በዚህ መስመር በክረምት ይህ ብርቅ አይደለም። ወደ ምዕራብ ስትሄጂ ፊት ለፊት ይመጣብሻል፤ ከ830 ላይ 170 ሲቀነስ በምድር ላይ ያለሽ ፍጥነት 660 ይሆናል። 1,140 ለ660፣ 1 ሰዓት ከ44 ደቂቃ። ስትመለሺ ከኋላ ይገፋሻል፤ 1,000 ኪሎ ሜትር በሰዓት። 1 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ይሆናል። በአንድ መንገድ ላይ የ36 ደቂቃ ልዩነት።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼን ሁሌ የምጠይቃቸው ጥያቄ አለ። ነፋሱ ሲሄዱ የወሰደውን ሲመለሱ ይመልሳል ወይ? አብዛኛው ሰው «አዎ፣ ይቻቻላል» ይላል። ደምሪው። 1 ሰዓት ከ44 እና 1 ሰዓት ከ8፣ በጠቅላላ 2 ሰዓት ከ52። ነፋስ ባይኖር ግን ደርሶ መልሱ 2 ሰዓት ከ45 ነበር። ነፋሱ 7 ደቂቃ ሰረቀሽ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ፊት ለፊት ሲመጣብሽ በነፋሱ ውስጥ ብዙ ጊዜ ትቆያለሽ፣ ሲገፋሽ ግን ቶሎ ታልፊዋለሽ። ክፉውን ረጅም ጊዜ፣ ደጉን አጭር ጊዜ። አየር መንገዶች ነዳጅ ሲያሰሉ ይህን ያውቃሉ።

የቀረው መሬት ላይ የሚጠፋው ጊዜ ነው። ትኬት ላይ የሚጻፈው የበረራ ጊዜ ሳይሆን እኛ ብሎክ ታይም የምንለው ነው። አውሮፕላኑ ከቆመበት ወደኋላ ከተገፋበት ደቂቃ ጀምሮ መድረሻው ላይ እስኪቆም ድረስ ያለውን ሁሉ ይይዛል። ወደ መንደርደሪያው መሄድ፣ ተራ መጠበቅ፣ ከፍታ እስኪይዝ በዝግታ መውጣት፣ ሲወርድ ፍጥነት መቀነስ፣ ካረፈ በኋላ እስከ በሩ መንዳት። ይህ 40 ደቂቃ ያህል ይጨምራል። ላይ ካሉት ቁጥሮች ጋር ስትደምሪው 2 ሰዓት ከ25 እና 2 ሰዓት ከየት እንደመጡ ታያለሽ። የመመለሻው ላይ ትንሽ ትርፍ አለ፤ አየር መንገዶች ዘገዩ እንዳይባሉ ትንሽ ደቂቃ ደበቅ ያደርጋሉ። ነፋሱ በበረታ ቀን 20 ደቂቃ ቀድመሽ ብትደርሺ አትገረሚ። አብራሪው «ቀድመን ደረስን» ሲል ያጨበጭባሉ፤ ግማሹ ምስጋና የነፋሱ ነው።

ይህ ነፋስ ለእኛ የቁጥር ጨዋታ ነው። አንድ ጊዜ ግን ሰው ፈጅቷል፤ በዚሁ በአንቺ መስመር ላይ። ጉዳዩን የማነሳው ላስፈራራሽ አይደለም። የጊዜ ስሌት በዚህ ሙያ ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ስለሌለ ነው።

ነሐሴ 2 ቀን 1947 (የፈረንጁ ኦገስት) ስታር ደስት የሚባል የእንግሊዝ አውሮፕላን ከቦነስ አይረስ ወደ ሳንቲያጎ ተነሳ። 5 የበረራ ሠራተኞችና 6 ተሳፋሪዎች ነበሩ። በፈረንጅ ሰዓት አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 1:46 ላይ ተነስቶ 5:45 ላይ እንደሚደርስ ተሰልቶ ነበር፤ ዛሬ አንቺ በ2 ሰዓት ከ25 የምትጨርሽውን በ4 ሰዓት መሆኑ ነው። 5:41 ላይ «5:45 እንደርሳለን» የሚል የሞርስ መልእክት ላከ። መልእክቱ መጨረሻ ላይ «ስቴንዴክ» የሚል ማንም ያልገባው ቃል ነበረበት። ከዚያ ጠፋ። ከ50 ዓመት በላይ የት እንደገባ አልታወቀም። በ1998 ተራራ የሚወጡ ሰዎች ቱፑንጋቶ ተራራ የበረዶ ግግር ላይ ሞተሩን አገኙት። በ2000 የአርጀንቲና ጦር ወጥቶ ቀሪውን አገኘ።

ምን ነበር የሆነው? በዚያ ዘመን ጄት ስትሪም በሚገባ አይታወቅም ነበር። አብዛኞቹ አውሮፕላኖች እዚያ ከፍታ አይደርሱም። ስታር ደስት ግን ደመናውን ለማለፍ ከፍ ብሎ ነበር። ምድር አይታይም። ስለዚህ የነበሩበትን ቦታ የሚያውቁት በፍጥነታቸውና በሰዓታቸው ነው፤ «ይህን ያህል ደቂቃ በዚህ ፍጥነት ስለበረርን እዚህ ደርሰናል» በሚል ስሌት። ፊት ለፊት የሚመጣው ነፋስ ግን ሳያውቁት አዘግይቷቸዋል። ተራራውን የተሻገሩ መስሏቸው መውረድ ጀመሩ። ሳንቲያጎ ልንደርስ 4 ደቂቃ ቀረን ሲሉ ተራራው ገና ከፊታቸው ነበር። ምርመራው የደረሰበት ማብራሪያ ይህ ነው። የሚመራው ሰው ሰነፍ ስለነበረ አይደለም። ሒሳቡ ውስጥ አንድ ቁጥር ጎደለ።

25 ዓመት ቆይቶ ተመሳሳይ ነገር ሆነ። ጥቅምት 13 ቀን 1972 (ኦክቶበር) የኡራጓይ አየር ኃይል አውሮፕላን 45 ሰዎች ይዞ ወደ ሳንቲያጎ ይበር ነበር፤ ከተሳፋሪዎቹ ብዙዎቹ የራግቢ ተጫዋቾችና ቤተሰቦቻቸው ናቸው። ከፍ ብሎ መብረር ስለማይችል ተራራው ዝቅ በሚልበት በደቡብ በኩል በፕላንቾን ዞረ። ከፕላንቾን በቺሊ ወገን እስካለችው ኩሪኮ ከተማ ብዙውን ጊዜ 11 ደቂቃ ይፈጃል። እነሱ ግን ከ3 ደቂቃ በኋላ ኩሪኮ ደርሰናል ብለው ወደ ሰሜን ታጠፉ። የታጠፉት ተራሮቹ መካከል ነበር። 16 ሰዎች ከ72 ቀን በኋላ በሕይወት ተገኙ። ታሪኩን ብዙ ሰው የሚያውቀው በበረዶው ላይ በሆነው ነው። እኔን የሚያስደነግጠኝ ግን ያቺ የ8 ደቂቃ ልዩነት ናት።

ዛሬ አብራሪው የት እንዳለ በግምት አያውቅም። ሳተላይቱ በሜትር ይነግረዋል። ነፋሱም ከመነሳቱ በፊት በየከፍታው ተተንብዮ ዕቅዱ ላይ ይጻፋል። ዲስፓቸሩ፣ ማለትም የእኔ ቢጤው፣ የሚጨነቀው ስለ ሌላ ነገር ነው። እሱም የካቢኑ የአየር ግፊት ቢጠፋስ የሚለው ነው። በሌላ ቦታ መልሱ ግልጽ ነው፤ ቶሎ ብሎ ወደ 3,000 ሜትር መውረድ። እዚያ ከፍታ ላይ ያለ ጭምብል ይተነፈሳል። አንዲስ ላይ ግን ከሥርሽ ያለው ድንጋይ ከ6,000 ሜትር ያልፋል። ከመስመሩ በስተሰሜን ያለው አኮንካጓ 6,961 ሜትር ነው፤ ራስ ዳሸን ላይ 2,400 ሜትር ጨምሪበት። ስለዚህ ዕቅዱ ላይ አስቀድሞ አንዲት ነጥብ ትቀመጣለች። ከዚያች ነጥብ በፊት ችግር ቢመጣ ወደ ሜንዶሳ መመለስ፤ ከነጥቧ በኋላ ከሆነ ወደ ሳንቲያጎ መቀጠል። የተሳፋሪው የኦክስጅን ጭምብል በእነዚህ አውሮፕላኖች ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ያህል ይሠራል። ከሜንዶሳ እስከ ሳንቲያጎ ደግሞ በቀጥታ 200 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ከፍተኛው ተራራ ያለበት ክፍል ከዚያም ያጠረ ነው። ሒሳቡ የሚገጥመው ለዚህ ነው። አንድ ሞተር ቢጠፋም እንዲሁ ለብቻው ተሰልቶ የተዘጋጀ መንገድ አለ።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ። አዎ፣ ይናጣል። ውሸት አልነግርሽም። ጅረት ውኃ ድንጋይ ላይ ሲያልፍ አይተሻል? ውኃው ከድንጋዩ በኋላ ነው የሚወዛወዘው። ነፋሱም ከፓስፊክ በኩል መጥቶ ተራራውን ሲሻገር ከወዲያኛው፣ ከአርጀንቲና ወገን፣ ማዕበል ይሠራል። ስለዚህ ስትሄጂ መናጡ የሚጀምረው ተራራው ከሥርሽ ሳይመጣ፣ ገና ሜንዶሳ አካባቢ ሜዳው ላይ ሳለሽ ሊሆን ይችላል። ሰው የሚደነግጠው ለዚህ ነው፤ በመስኮት ሲያይ ተራራው ገና ሩቅ ነው። አንዳንዴ ማዕበሉ ይታያል። አክንባሎ የመሰሉ፣ ዳርቻቸው የተላገ፣ ከቦታቸው የማይነቃነቁ ደመናዎች ታያለሽ። ደመናው ቆሞ ነፋሱ ነው በውስጡ የሚያልፈው። ፎቶ ለማንሳት ጥሩ ናቸው፤ ቀበቶሽን ካሰርሽ በኋላ።

በዚህ መስመር ብዙ ጊዜ ከተራራው በፊት ሁሉም ቀበቶውን እንዲያስር ይነገራል፤ አስተናጋጆቹም ሄደው ይቀመጣሉ። ለማያውቅ ሰው አስተናጋጅ ስትሮጥ ሄዳ ስትቀመጥ ማየት አይመችም። እኔም ተሳፋሪ ሆኜ ስሄድ አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ይህን አይተው መቁጠሪያቸውን አወጡ። ሴትዮዋ አላበዙም፣ ግን አያስፈልግም ነበር። የተለመደ አሠራር ነው። አውሮፕላኑ የሚችለው ከዚህ እጅግ የከፋ መናጥ ነው። የሚጎዳው ቀበቶ ያላሰረ ሰው ነው፤ ወይም ጭኑ ላይ ትኩስ ቡና የያዘ። የተራራው ክፍል ስትሄጂ 20 ደቂቃ ገደማ፣ ስትመለሺ ከዚያ ያነሰ ነው። ከመንገዱ ሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው ከላይ ሲያዩት ጠረጴዛ የመሰለ ሜዳ ነው።

አውቶቡሱ? በሐምሌ አልመክርሽም። በአየር 1,140 የሆነው በመኪና 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ20 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ድንበሩን የምትሻገሪው 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለ ዋሻ ነው፤ በ1980 የተከፈተ፣ 3 ኪሎ ሜትር የሚረዝም። በቺሊ ወገን መንገዱ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ከሊማሊሞ ወርዶ የሚያውቅ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። ችግሩ በክረምት በረዶ ሲጥል ይዘጋል፤ አንዳንዴ ለቀናት። ሥልጠናሽ ሰኞ ይጀመራል እንበል፤ አንቺ ሐሙስ ሜንዶሳ ተቀምጠሽ መንገድ እስኪከፈት ትጠብቂያለሽ። ድሮ ባቡር ነበር። በ1910 ተከፍቶ በ1984 ቆመ። በጥር የምትሄጂ ቢሆን ግን ሜንዶሳ ድረስ በረሽ፣ ከዚያ በቀን በአውቶቡስ ተሻገሪ እል ነበር። እንደዚያ ዓይነት መንገድ በዕድሜ አንዴ መታየት አለበት።

ስለዚህ በአውሮፕላን። ጥቂት የሚጠቅሙሽን ልጨምር። ትኬትሽ ላይ የቦነስ አይረሱን መነሻ ደግመሽ እይው፤ ኤሴይሳ ነው ወይስ ኤሮፓርኬ? የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሳኦ ፓውሎ በኩል መጥቶ የሚያርፈው ኤሴይሳ ነው። የሳንቲያጎው በረራ ከኤሮፓርኬ ከሆነ ከተማውን አቋርጠሽ 40 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ አለብሽ። የቦነስ አይረስ መንገድ በሥራ ሰዓት ከቦሌ ጎዳና የተሻለ አይደለም። ሁለቱ ትኬቶች ለየብቻ የተገዙ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። ሻንጣሽ በቀጥታ እስከ ሳንቲያጎ ካልተላለፈ እሱን ለመውሰድ ወደ አርጀንቲና መግባት ይኖርብሻል፤ ያ ደግሞ የቪዛ ጉዳይ ነው። ከመሄድሽ በፊት ኤምባሲውንም አየር መንገዱንም ጠይቂ። የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛው አይጠብቅሽም፤ ስለዚህ በመካከል ሰፊ ጊዜ ይኑርሽ። የሳንቲያጎ ማረፊያ በክረምት ጠዋት ጉም ስለሚይዘውም 10:25 ላይ አርፈሽ ቀትር ላይ ስብሰባ አትያዢ።

ሻንጣሽ ውስጥ እናትሽ በርበሬና ሽሮ መክተቷ አይቀርም። ቺሊዎች በእርሻ ምርትና በምግብ ላይ ቀልድ አያውቁም። ለመግባት በምትሞዪው ቅጽ ላይ «አለኝ» ብለሽ ሙዪ። ካሳወቅሽ ቢበዛ ይወስዱብሻል፤ ደብቀሽ ከተገኘ ቅጣት አለው። ከአውሮፕላን የያዝሻትን አንዲት ፖም እንኳ ሳትወርጂ ብዪያት።

መቀመጫ ስትመርጪ ስትሄጂ በቀኝ፣ ስትመለሺ በግራ፣ በመስኮት በኩል ያዢ። በአብዛኛው አኮንካጓ የሚታየው በዚያ ወገን ነው። ከተነሳሽ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆንሽ መጋረጃውን ክፈቺ።